አልነሣ ለሚልና ድምፁ ለሚጠፋ የቤት ኮምፒውተር የቱ ይሻላል? የአምስት አማራጮች ንጽጽር

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር ውስጥ ለቤት አገልግሎት ከሚገዙት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ቀደም ሲል በመሥሪያ ቤት ያገለገሉ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ደጋግመው ከሚያነሷቸው ችግሮች መካከል ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ማብሪያው ሲጫን ማሽኑ በአንድ ጊዜ አለመነሣቱ ወይም ተነሥቶ መሐል ላይ መቆሙ ነው፤ ሁለተኛው ትናንት የነበረው ድምፅ ዛሬ ጠፍቶ ነገ ማንም ሳይነካው መመለሱ ነው። ባለቤቱ ምክር ሲጠይቅ አንዱ ፎርማት ይደረግ (ዊንዶውስ ተሰርዞ እንደ አዲስ ይጫን) ይለዋል፣ ሌላው ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሣጥን) ይቀየር ይለዋል፣ ሦስተኛው ማሽኑ አርጅቷልና ሌላ ግዛ ይለዋል። ሦስቱም ምክሮች ለአንድ ዓይነት ብልሽት ትክክል ናቸው፤ የቱ ለየትኛው እንደሆነ ሳይለይ ሲመረጥ ግን ገንዘቡ ወጥቶ ችግሩ እዚያው ይቀራል። ይህ መመሪያ የተጻፈው አንድ ጊዜ ታይቶ ለጠፋ ብልሽት ሳይሆን እየተመላለሰ ለሚያስቸግር ነው።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚከብደው መመዘኛ ምርጫው የችግሩን ምንጭ የሚነካ መሆን አለመሆኑ ነው። ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን የደከመ ፓወር ሰፕላይን አያድንም፤ አዲስ ፓወር ሰፕላይም የተበላሸ የድምፅ ድራይቨርን (ዊንዶውስ ከድምፅ ክፍሉ ጋር የሚግባባበትን ፕሮግራም) አያስተካክልም። ይህ እየታወቀ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው ዋጋውን ስለሆነ፣ ርካሹን አማራጭ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከፍሎ ከውዱ በላይ ያወጣል።

ሁለተኛው መመዘኛ ምርጫው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ የሚጠፋው ነገር ነው። አንድ ሴቲንግ ቀይሮ መመለስ ይቻላል፤ የተሰረዘ የልጆች ፎቶግራፍ ግን አይመለስም። ሦስተኛው ሙሉ ወጪው ሲሆን፣ በዚህ ውስጥ የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ለማውረድ የሚያስፈልገው የኢንተርኔት ጥቅል፣ የባጃጅ ሒሳብና ማሽኑ ያለ ሥራ የሚቀመጥባቸው ቀናት ይቆጠራሉ። አራተኛው መፍትሔው በአካባቢው ሙቀት፣ አቧራና የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ውስጥ የሚኖረው ዕድሜ ነው፤ ይህ ነጥብ ከሐረር ይልቅ ለድሬዳዋ ነዋሪ ይብሳል።

ከምርጫው በፊት መደረግ ያለባቸው ፍተሻዎች

እነዚህ ፍተሻዎች ከአንድ ፍላሽ በስተቀር ምንም አይጠይቁም፤ ሆኖም ከኋላ የሚመጣውን ወጪ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

በመጀመሪያ ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ማብሪያው ተጭኖ ፋኑ ካልዞረና መብራት ካልበራ፣ ወይም ዞሮ ወዲያው ከጠፋ፣ ዊንዶውስ ገና ስላልተጠራ ጥርጣሬው በኤሌክትሪኩ፣ በፓወር ሰፕላዩ፣ በራሙ (በጊዜያዊ ማስታወሻው) እና ዕቃዎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ፣ ላይ ይሆናል። የአምራቹ ምልክት ከታየ በኋላ የሚቆም ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ሃርድ ዲስኩና ወደ ዊንዶውስ ይዞራል። ሲነሣ ተደጋጋሚ የጢጥ ድምፅ የሚያሰማ ማሽን ብልሽቱን እየነገረ ነው፤ የድምፁ ቁጥርና ርዝመት ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በማሽኑ ሞዴል መፈለግ ይገባል። ቀኑና ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ይህች ባትሪ ስታልቅ አንዳንድ ማሽን ሲነሣ ኤፍ1 እንዲጫን እየጠየቀ ይቆማል፤ ቀኑ ከመሳሳቱ የተነሣም ድረ ገጾች ደኅንነታቸው አልተረጋገጠም እያሉ አልከፈት ይላሉ። ባለቤቱ ግን ብዙውን ጊዜ ኢንተርኔቱን ይወቅሳል።

ቀጥሎ «ሻት ዳውን» አድርጎ ማስነሣትንና «ሪስታርት» ማድረግን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል አሠራር አለ፤ ይህ አሠራር ኮምፒውተሩ ሲዘጋ የሥርዓቱን እምብርትና የተጫኑትን ድራይቨሮች ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ መልሶ ያነሣል። ስለዚህ ትናንት የተበላሸ የድምፅ ድራይቨር ዛሬም እንደተበላሸ ይነሣል። ሪስታርት ግን ሁሉን ከመነሻው ይጭናል። ሻት ዳውን ተደርጎ ሲከፈት ድምፅ ጠፍቶ ሪስታርት ሲደረግ የሚመለስ ከሆነ፣ ችግሩ የሶፍትዌር መሆኑ በአብዛኛው ተረጋገጠ ማለት ነው፤ መፍትሔውም ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ማሽን ላይ አብረው ከሚታዩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው አሠራር ነው።

ሦስተኛው ፍተሻ ከሁሉም የበለጠ ፍርድ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ነጻ ሥርዓቶች ሲሆኑ፣ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ተዘጋጅተው ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫኑ ከፍላሹ ብቻ ይነሣሉ። ፍላሹን ለማዘጋጀት የነበረበት ፋይል ስለሚሰረዝ ባዶ ፍላሽ መሆን አለበት። ማሽኑ ከፍላሽ ያለ ችግር ተነሥቶ ድምፅም በጥራት ከሰጠ፣ ማዘርቦርዱ፣ ራሙና የድምፅ ክፍሉ በአብዛኛው ደኅና ናቸው፤ የሚቀረው ዊንዶውስ ወይም ሃርድ ዲስኩ ነው። ከፍላሽም ሲነሣ ከጠፋ ወይም በሁለቱም ሥርዓት ድምፅ ከሌለው ግን ፎርማት ማድረግ የሚያመጣው ለውጥ አይኖርም። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በሞባይል ጥቅል ከማውረድ ያለው ሰው ጋር ሄዶ መገልበጥ ይሻላል።

ለድምፁ ደግሞ ሌላ ቀላል መለያ አለ። ኢርፎኑ ከፊት ቀዳዳ ወጥቶ ከኋላ አረንጓዴው ላይ ሲሰካ ድምፅ ከተሰማ፣ የተበላሸው የፊት ሽቦ ብቻ ነው። ስፒከሩ እየጮኸ የሚያስቸግር ከሆነ በስልክ ላይ ሰክቶ መሞከር ነው፤ በስልክ ጥርት ካለ ስፒከሩ ንጹሕ ነው። እንግዲያው ጩኸቱ የሚመጣው ከኮምፒውተሩ ወይም ከመሬት ሽቦው ሊሆን ስለሚችል፣ ስፒከሩንና ኮምፒውተሩን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል።

በመጨረሻም ችግሩ የሚመጣበት ሰዓት ይመዝገብ። ጠዋት ደኅና ሆኖ ከቀትር በኋላ የሚጠፋ ማሽን ሙቀት ነው የሚያስቸግረው፤ ፋኑና በውስጡ የተከማቸው አቧራ መታየት አለባቸው። በተቃራኒው ጠዋት ሦስትና አራት ጊዜ ተጭኖ የሚነሣ፣ አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ የማያስቸግር ማሽን የፓወር ሰፕላዩ ወይም የማዘርቦርዱ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክፍሎች) የደከሙበት ሊሆን ይችላል፤ የደከመ ካፓሲተር በብርድ ይብስበታልና። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ሙቀታቸው ይለያያል፤ የአንዱ ከተማ ብልሽት በሌላው ላይታይ ይችላል። ከድሬዳዋ ሐረር ለጥገና የተላከ ማሽን እዚያ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ ባለሙያው «ምንም የለበትም» ብሎ ቢመልሰው ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

አንደኛው አማራጭ፦ ሴቲንግና ድራይቨር ማስተካከል

ገንዘብ አይጠይቅም፣ የሚጠፋም ነገር የለም፤ ስለዚህ ፍተሻው ወደ ሶፍትዌር ካመለከተ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚሞከረው ይኸው ነው። ፋስት ስታርትአፕን ከፓወር ሴቲንግ ውስጥ ማጥፋት፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የድምፅ ምልክት ከፍቶ ድምፁ በየት በኩል እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል። በኤችዲኤምአይ ገመድ ሞኒተር ወይም ቴሌቪዥን ሲሰካ ዊንዶውስ ድምፁን ወደዚያ ሊያዞረው ስለሚችል፣ ስፒከር የሌለው ሞኒተር ከሆነ ቤቱ ጸጥ ይላል። ይህ ካልሆነ በዲቫይስ ማኔጀር የሪልቴክን (የብዙ ማሽኖችን የድምፅ ክፍል የሚሠራው ኩባንያ) ድራይቨር ከነፋይሉ አስወግዶ ሪስታርት ማድረግ ነው፤ ዊንዶውስ የራሱን አጠቃላይ የድምፅ ድራይቨር ይተካል፤ እሱም ለተራ አገልግሎት ይበቃል። ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ ጥቂት ድራይቨሮችን ብቻ ይዞ የሚነሣበት ሁኔታ) ውስጥ ገብቶ ድምፅን መፈተሽ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ በሴፍ ሞድ የድምፅ ድራይቨር ስለማይጫን ደኅና የሆነውም ማሽን ድምፅ አይሰጥም።

ሁለተኛው አማራጭ፦ ፎርማት ማድረግ

በጥገና ሱቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርበው መፍትሔ ይህ ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሦስተኛ ደረጃ በፊት ሊመጣ አይገባም። ለጠጋኙ ምቹ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ብልሽቱን መፈለግ ሰዓታት ይፈጃል፣ ዊንዶውስ መጫን ግን በአንድ ፍላሽ ከሌላ ሥራ ጎን ለጎን ያልቃል። በቫይረስ የተጎዳ፣ ፋይሎቹ በመብራት መቋረጥ የተበላሹበት ወይም ለዓመታት የተጫነበት ሁሉ ያከበደው ማሽን በእርግጥ ይድናል። የሃርድዌር ችግር ያለበት ማሽን ግን ለጥቂት ቀናት የዳነ መስሎ ይመለሳል፤ ያ የጥቂት ቀን እፎይታ ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ሁለት ዓይነት አለው። «ሪሴት» የሚባለው ዊንዶውስ ውስጥ ያለው አሠራር የግል ፋይሎችን አስቀርቶ ፕሮግራሞችን ብቻ ሊያስወግድ ይችላል፤ ከኢንተርኔት አውርዶ እንዲጭን ከታዘዘ እስከ 4 ጊጋባይት ያህል ሊፈጅ ስለሚችል ጥቅል ለሚቆጥር ቤት በማሽኑ ውስጥ ያለውን እንዲጠቀም ማዘዝ ይሻላል። ሙሉው ፎርማት ግን ክፍልፋዩን አጥፍቶ ከባዶ ይጀምራል። በሁለቱም ፕሮግራሞች ይጠፋሉ፤ እዚህ ላይ የአገራችን ተጠቃሚ ጉዳት ይከብዳል። ፒችትሪ የጫነ የሒሳብ ሠራተኛ የድርጅቱ መዝገብ የተቀመጠው በፕሮግራሙ ማኅደር ውስጥ እንጂ በግል ፋይሎቹ መካከል ላይሆን ስለሚችል፣ በፕሮግራሙ በራሱ መጠባበቂያ ቅጂ ሳይወስድ ለማንም ማስረከብ የለበትም። ፓወር ግዕዝም እንደ አዲስ መጫን ይኖርበታል፤ በቀድሞ የአማርኛ ፊደል ቅርጾች የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎች ያ ፎንት እስኪመለስ ድረስ የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናሉ።

ሌላው የሚታሰብ ነገር የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱ ነው። ፎርማት የሚደረግ ማሽን ዊንዶውስ 11ን በሕጋዊ መስፈርቱ የማይቀበል ከሆነ፣ ለኢንተርኔትና ለጽሑፍ ብቻ የሚያገለግል እስከሆነ ድረስ ሊኑክስ ሚንትን በዚያው ዕድል መጫን ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሦስተኛው አማራጭ፦ ዕቃ መቀየር

እዚህ ውስጥ ያሉት ዕቃዎች በዋጋም በጥቅምም እጅግ ስለሚራራቁ በአንድነት ሊመዘኑ አይችሉም። ርካሿ ሲአር2032 ባትሪ ናት፤ ቀኑ ለሚዛባበት ማሽን ከሁሉ በፊት እሷ ትቀየር። ራሙን ነቅሎ ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ማጥፊያ ላጲስ አሽቶ መመለስ ደግሞ ምንም ወጪ የለውም፤ ገመዱ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ማብሪያው ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ የቀረው ኤሌክትሪክ ከወጣ በኋላ ነው የሚሠራው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በሚኒባስ ተጭኖ የመጣ ኮምፒውተር እንደገባ አልነሣ ቢል ከምንም በፊት የሚታየው ራሙና ገመዶቹ በቦታቸው መሆናቸው ነው።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ ዊንዶውስን ለማስነሣት ረጅም ደቂቃ የሚፈጅ ወይም መሐል ላይ ሰማያዊ ገጽ የሚያሳይ ከሆነ፣ በኤስኤስዲ፣ ማለትም በአዲሱ ዓይነት ፈጣን ዲስክ፣ መተካት ለአሮጌ ማሽን ከሚደረጉ ወጪዎች ሁሉ ፍሬው በይበልጥ የሚታይ ነው። ተራ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ያህል ሲያነብ፣ በሳታ ገመድ የሚሰካ ኤስኤስዲ እስከ 550 ሜጋባይት ይደርሳል፤ የሚሽከረከር አካል ስለሌለውም ድንገተኛ መጥፋትና መንቀጥቀጥ በዲስኩ ላይ እንደሚያደርሱት አይጎዱትም። ለቤት 240 ወይም 256 ጊጋባይት ይበቃል፤ አሮጌው ዲስክ ፋይሉ እስኪገለበጥ ድረስ አይጣል። ኤስኤስዲ ግን ለጠፋ ድምፅ የሚያደርገው ነገር የለም።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ገዢው መጠንቀቅ ይኖርበታል። ከመሥሪያ ቤት የወጡ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ያሉ ብዙ ሞዴሎች በገበያ የሚገኘውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ አይቀበሉም፤ ባለ 8 ወይም ባለ 6 ፒን የራሳቸው መሰኪያ አላቸው። ስለዚህ ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን ወይም ከዚራ በሚባሉት ሰፈሮች ወዳሉት ሱቆች ከመሄድ በፊት የመሰኪያውንና የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ፈትቶ ውስጡን መንካት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛሉ።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የድምፅ ክፍል መሞቱ ከተረጋገጠ ማዘርቦርድ መቀየር አያስፈልግም። በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ በዋጋውም ቀላል፣ ከማዘርቦርዱ የድምፅ ክፍልም ጥገኝነት የሌለው ነው፤ ሲገዛ የማይክሮፎንና የኢርፎን ቀዳዳዎቹ የተለያዩ መሆናቸው ይታይ።

አራተኛው አማራጭ፦ ለባለሙያ መስጠት

ለባለሙያ የሚሰጠው ማሽን ምንም ሳይፈተሽ ከሄደ ወደ ሁለተኛው አማራጭ ይመለሳል። ከላይ የተዘረዘሩት ፍተሻዎች ውጤት በወረቀት ተጽፎ አብሮ ቢሰጥ፣ ፎርማት ከመደረጉ በፊት እንዲደወል ቢነገርና የተቀየረው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስ ከወዲሁ ቢስማሙ ወጪውም ጊዜውም ይቀንሳል። ያበጠ ካፓሲተር መቀየርና ማዘርቦርድ መበየድ የባለሙያ ብቻ ሥራ ነው።

አምስተኛው አማራጭ፦ ሌላ ኮምፒውተር መግዛት

ማዘርቦርዱ ከተበላሸ፣ ወይም ሁለት ዕቃ አንድ ላይ መቀየር ካስፈለገና ማሽኑ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበል ከሆነ መግዛቱ ያዋጣል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከ8ኛ ትውልድ በታች እንዳይሆን ቢመርጥ መልካም ነው፤ ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ከዚያ ወዲህ ያሉትንና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ያላቸውን ነው።

ኤሌክትሪኩ ካልተስተካከለ

ከአምስቱ የትኛውም ቢመረጥ ኤሌክትሪኩ ችላ ከተባለ ዕድሜው ያጥራል። ስታቢላይዘር ቮልቴጁ ከፍና ዝቅ ሲል ያስተካክላል፤ መብራት ሲሄድ ግን ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ ፋይል አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ሆኖም በውስጡ ያለው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሙቀት ጠላቱ ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ 35 ዲግሪ በሚደርስበት የድሬዳዋ ክፍል ውስጥ አምራቹ የጻፈው ዓመት አይጠበቅም። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ደግሞ ራሱ የችግር ምንጭ ይሆናል፤ ትንሽ የቮልቴጅ መንገዳገድ ሲመጣ ማሽኑን ያጠፋዋል። አልነሣ ያለ ማሽን በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ላይ ሳይሞከር ምንም ዕቃ አይገዛ። ለሁለቱም አቅም የሌለው ሰው መብራት ሲሄድ ገመዱን ነቅሎ፣ ተመልሶ ከረጋ በኋላ ቢሰካው ከጉዳቱ ብዙውን ያስቀራል።

| አማራጭ | የሚፈታው | የማይፈታው | ቢሳሳቱ የሚጠፋው | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ሴቲንግና ድራይቨር | ሪስታርት ሲደረግ የሚመለስ ድምፅ | የዕቃ ብልሽት | የለም | የለም |
| ፎርማት | ቫይረስ፣ የተበላሸ ዊንዶውስ | ዲስክ፣ ራም፣ ፓወር | ፕሮግራሞች፣ ምናልባትም ፋይል | ዝቅተኛ |
| ባትሪ መቀየር፣ ራም ማጽዳት | የሚዛባ ቀን፣ የጢጥ ድምፅ | ዊንዶውስ | የለም | እጅግ ዝቅተኛ |
| ኤስኤስዲ | የዘገየ ወይም የሚቆም አነሣስ | ድምፅ | ፋይል፣ ካልተገለበጠ | መካከለኛ |
| ፓወር ሰፕላይ | ጠዋት አልነሣ ማለት | ድራይቨር | መሰኪያው ካልገጠመ ገንዘቡ | መካከለኛ |
| የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ | የሞተ የድምፅ ክፍል | አለመነሣት | ጥቂት ገንዘብ | ዝቅተኛ |
| ባለሙያ | ካፓሲተር፣ ማዘርቦርድ | ኤሌክትሪኩ | ጊዜ | ይለያያል |
| ሌላ ኮምፒውተር | ሁሉንም፣ ደኅና ከተመረጠ | ኤሌክትሪኩ | ከፍተኛ ገንዘብ | ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

በጀቱ ጠባብ ለሆነ ተማሪ ፍተሻዎቹ፣ የመጀመሪያው አማራጭ፣ ባትሪዋና የራም ጽዳት ይበቁታል፤ ከዚያ አልፎ ካስቸገረው የመጀመሪያውን ገንዘብ ለኤስኤስዲ ያውል። ቤቱ ሆኖ የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ቀጥሎ ዩፒኤስ፣ ከዚያ የተጠረጠረው ዕቃ፤ ፎርማት ለእሱ የመጨረሻው ነው። ኮምፒውተሩን ለመንዙማ፣ ለመዝሙር ወይም ለፊልም ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብ ድምፁ ቢጠፋበት ከዩኤስቢ ድምፅ ካርድ በላይ ወጪ ማውጣት የለበትም።

ገንዘቡ ኖሮት ያገለገለ ማሽን ሊገዛ የወሰነ ሰው ደግሞ ሱቁ ሲደርስ ማሽኑ ጠፍቶና ቀዝቅዞ እንዲጠብቀው አስቀድሞ ይጠይቅ። ገመዱ ተነቅሎ ጥቂት ከቆየ በኋላ ሲሰካ ቀኑ ትክክል መሆኑን፣ በአንድ ጊዜ መነሣቱን፣ በፊትና በኋላ ቀዳዳ ድምፅ መስጠቱን ቆሞ ይመልከት። ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶ አሙቆት ከሆነ ግን አጥፍተውት እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ይሻላል።